ለመጀመሪያ ጊዜ ስቱዲዮ ልንገባ ነው፤ አንድ ላይ እንቀረጽ ወይስ በየተራ?

ባለ ክራሩ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደሴ ከተማ ውስጥ በሠርግና በበዓላት የምንጫወት አምስት ሰዎች ነን። እኔ ክራር እመታለሁ፤ ከባልደረቦቼ አንዱ ማሲንቆ፣ ሌላው ዋሽንት፣ ሌላው ከበሮ ይጫወታሉ፤ የምታዜመው ደግሞ አንዲት እኅታችን ናት። ከየገቢያችን ቀንሰን ባጠራቀምነው ገንዘብ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ስቱዲዮ የሁለት ቀን ጊዜ ይዘናል። ልንቀርጽ ያሰብነው ሦስት ዘፈኖችን ሲሆን አንዱ በትዝታ፣ አንዱ በባቲ፣ ሦስተኛው በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ነው።

እስከ ዛሬ ራሳችንን የቀረጽነው በስልክ ብቻ ስለሆነ የስቱዲዮ አሠራር ለማናችንም አዲስ ነው። ስቱዲዮው ሲያነጋግረን እያንዳንዳችን በየተራ እየገባን፣ በማዳመጫ የሚሰጠንን የክሊክ ምት (ፍጥነት የሚጠብቅ የማሽን ቆጠራ) እየተከተልን እንደምንቀረጽ ነገረን። ይህን ከሰማን ወዲህ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። ማሲንቆ ተጫዋቹ የዘፋኟን አፍ እያየ፣ እርሷ ስታረዝም እያረዘመ፣ ስታሳጥር እያሳጠረ የሚጫወት ሰው ነው፤ ብቻውን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማንን ይከተላል? በሌላ በኩል ደግሞ በየተራ መቀረጽ የተለመደ አሠራር ከሆነ በቂ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም ብለን እናስባለን። ሥራውን የምታውቁ ሰዎች፣ ቀረጻ እንዴት እንደሚካሄድና በየተራ የሚሆነውም ለምን እንደሆነ ብታስረዱን ውለታችሁን አንረሳም።

ከመስተዋቱ ወዲህ

ሰላም ለእናንተ። በድምፅ ቀረጻ ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ብዙዎች ይህን የሚጠይቁት ገንዘባቸውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ደንበኛ ስቱዲዮ ቢያንስ ሁለት ክፍሎች አሉት። በአንደኛው ተጫዋቾች ይገባሉ፤ በሁለተኛው መቅረጫው፣ ድምፅ ማጉያዎቹና ባለሙያው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ድርብ መስተዋት አለ። የተለዩበት ምክንያት ባለሙያው መሣሪያዎቹን በቀጥታ ሳይሆን ማይክሮፎኑ የያዘውን ብቻ እንዲሰማ ነው፤ አድማጭ የሚደርሰው ይኸው ነውና። በግድግዳዎቹ ላይ የምታዩት ወፍራም ልባስ በክፍሉ ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንዳያስተጋባ ይረዳል እንጂ የውጭ ድምፅን አያስቀርም። የጎረቤት ጄነሬተርን የሚያስቆመው የግድግዳው ክብደት፣ በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚተወው ክፍተትና የበሮቹ አዘጋግ ነው። ስለዚህ ስፖንጅ ስለተለጠፈበት ብቻ አንድን ክፍል ስቱዲዮ ብላችሁ አትመኑ፤ ገብታችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ማይክሮፎኑ የአየሩን መርገብገብ ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ያጎላዋል፤ ከዚያ ወደ ቁጥር ተለውጦ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። በተለመደው የ48 ኪሎኸርዝ አሠራር ድምፁ በእያንዳንዱ ሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። የመጠኑ ጣሪያ ዜሮ ዴሲቤል ሲሆን ከዚያ ያለፈ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፤ የተቆረጠውን ደግሞ በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ዘዴ የለም። ለዚህ ነው ባለሙያው በሙከራው ጊዜ የዘፈኑን ከፍተኛ ክፍል እንድትጫወቱለት የሚጠይቃችሁና ከጣሪያው በታች 10 ዴሲቤል ያህል ክፍተት የሚተወው። ብዙ ተጫዋቾች በሙከራው ላይ ለስለስ አድርገው ይጫወቱና ቀረጻው ሲጀመር በሙሉ ኃይላቸው ይመታሉ፤ የመጀመሪያው ቀረጻ የሚበላሸው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በየተራ የሚቀረጸው ማይክሮፎን የተቀመጠለትን መሣሪያ ብቻ መርጦ ስለማይሰማ ነው። አምስታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ብትጫወቱ ከበሮው በማሲንቆው ማይክሮፎንም ይገባል፤ ማሲንቆውን ከፍ ላድርግ ስል ከበሮውም አብሮ ይነሣብኛል። በዚህ ላይ ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 343 ሜትር ያህል ስለሆነ ከበሮው አንድ ሜትር ራቅ ወዳለው ማይክሮፎን 3 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲደባለቁ አንዳንዱ የድምፅ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋና ከበሮው ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተመታ ይመስላል። ከዚህም ሌላ ዋሽንቱ አንድ ጊዜ ቢሳሳት አምስታችሁም እንደገና መጫወት ይኖርባችኋል። በየተራ ሲቀረጽ የእያንዳንዱ ድምፅ ንጹሕ ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል፤ የተበላሸችውንም አንዲት ቦታ ብቻ ደግሞ መቅረጽ ይቻላል።

ሆኖም የእናንተን ዓይነት ሙዚቃ በየተራ የቀረጸ ሰው የሚያተርፈው ንጽሕና የሚያጣውን ያህል አይሆንም የሚል እምነት አለኝ። እኔ ብሆን አምስታችሁንም አንድ ጊዜ አጫውቼ፣ ነገር ግን ለይቼ እቀርጻችኋለሁ። ዘፋኟ በመስተዋት በምትታያችሁ ትንሽ ክፍል ትገባለች፤ ከበሮው በሌላ ክፍል፣ ከሌለም በተንቀሳቃሽ መከለያ ጀርባ ይሆናል፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት በትልቁ ክፍል ተራርቀው ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ የስቱዲዮ ማይክሮፎኖች ከፊታቸው ያለውን በደንብ ሰምተው ከጀርባቸው ያለውን ስለሚያደክሙ የእያንዳንዱን ማይክሮፎን ጀርባ ወደ ሌላው ተጫዋች አዞራለሁ። ሁላችሁም በማዳመጫ ትሰማማላችሁ፤ ትንንሽ ስሕተቶችን በኋላ እናርማለን።

ስቱዲዮውን አንድ ነገር ጠይቁት፤ በአንድ ጊዜ ስንት ማይክሮፎን መቅረጽ ይችላል? እናንተ ለዘፋኟ አንድ፣ ለክራር አንድ፣ ለማሲንቆ አንድ፣ ለዋሽንት አንድ፣ ለከበሮው ሁለት ፊቶች ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ያስፈልጋችኋል። አንዳንድ ስቱዲዮዎች በየተራ ግቡ የሚሉት ያላቸው መሣሪያ ሁለት ማይክሮፎን ብቻ ስለሚቀበል ነው፤ ይህ ደግሞ የሙዚቃ ምክንያት አይደለም።

ደጋን

እኔ ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ። ጠያቂው ስለ ባልደረባቸው የጻፉትን ሳነብ በራሴ የደረሰውን አስታወሰኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዘፈን በየተራ ተቀርጬ ነበር። ዘፋኙ ገና ስላልተቀረጸ በኪቦርድ የተሠራ መነሻና ክሊክ ብቻ እየሰማሁ ተጫወትኩ። ምቱን አልሳትኩም፤ ባለሙያውም ጥሩ ነው አለኝ። ዘፈኑ ተጠናቆ ስሰማው ግን ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እኔ እጮኻለሁ፤ እርሱ ሲያንጎራጉር እኔ ቀድሜው ሄጃለሁ። ማሲንቆ ዘፋኙ ላለው መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ ያልተባለን ነገር ቀድሞ መመለስ አይቻልም። ያ ቀረጻ አሁንም ይቆጨኛል።

አያቶቻችንና አባቶቻችን እስከ ዛሬ የምንወዳቸውን ሸክላዎች ሲያስቀርጹ ዘፋኝና ባንድ አንድ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሙዚቃ ማሳተም በጀመረበት ዘመን የነበረው መሣሪያ ውሱን ነበር፤ ሰው ተሳሳተ ማለት ሁሉም ከመጀመሪያው ይነሣ ማለት ነበር። ስለዚህ ወደ ቀረጻ የሚገቡት ዘፈኑን በመድረክ ላይ ደጋግመው ከበሰሉበት በኋላ ነው። የክፍሉ ድምፅ ንጹሕ ባይሆንም ተጫዋቾቹ ሲደማመጡ ይሰማል።

ሌላው የማሳስበው የአንቺሆዬውን ዘፈን ነው። የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ የዋለው አውቶቱን ዋነኛው ሲሆን፣ በተለመደው አጠቃቀማቸው ድምፅን ከ12ቱ የኪቦርድ ድምፆች ወደሚቀርበው ይጎትቱታል። አንቺሆዬ ላይ በእጅና በጉሮሮ የምናመጣቸው ጠባብ ርቀቶች ደግሞ ከኪቦርዱ ጋር ልክ ለልክ አይገጥሙም፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የምንንሸራተትበትም መንገድ የዜማው አካል ነው። ማረሚያው ያንን ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ፈቃዳችሁን ሳይጠይቁ በዘፋኟም ሆነ በማሲንቆው ላይ ማረሚያ እንዳይጠቀሙ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ስለ መሣሪያዎቹም ጥቂት ልበል። ቆዳ በቅዝቃዜና በእርጥበት ይላላል፤ በሙቀትና በድርቀት ይወጠራል። የማሲንቆው ቆዳ ሲላላ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ከበሮውም ይደነቁራል። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ከሆነ መሣሪያዎቹ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ገብተው አየሩን ይልመዱ፤ በየቀረጻው መካከልም ቅኝታችሁን ፈትሹ። ዋሽንት ተጫዋቹ ለሦስቱ ዘፈኖች የሚስማሙ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይያዝ፤ ማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ከአፉ ላይ ከተተከለ ከዜማው ይልቅ ትንፋሹ ስለሚጎላ ከጣቶቹ በላይ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ራቅ ይበል።

አቀናባሪ

ባለ ደጋኑ ወንድማችን ስለ ቅኝት የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ በክሊክ ላይ ግን ጥቂት ልለያይ። ክሊክ በራሱ ሙዚቃን አይገድልም። ጥቅሙ የዘፈኑ ፍጥነት ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዳይለዋወጥ ማድረጉ ብቻ አይደለም፤ ከሦስተኛው ቀረጻ ጥሩውን መግቢያ፣ ከአምስተኛው ጥሩውን አዝማች ወስዶ ለማገጣጠም የሚቻለው ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ከተጫወቱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቤዝ ጊታር ወይም የተቀባይ ድምፅ ለመጨመር ብትፈልጉም መነሻ ይሆናችኋል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ዘፈን ክሊክ አይፈልግም። የእናንተው የባቲ ዘፈን የሚያስጨፍር ከሆነ፣ በተለይም ከበሮው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይቋረጥ ከሆነ፣ በክሊክ ብትቀረጹት አይጎዳችሁም፤ እንዲያውም በሠርግ ላይ ሳታውቁት የምትጨምሩትን ፍጥነት ይገታላችኋል። ትዝታው ነፃ መግቢያ ያለው፣ ዘፋኟ እንደ ስሜቷ የምታረዝመውና የምታሳጥረው ከሆነ ያለ ክሊክ ይቀረጽ። ክሊክ ስትጠቀሙም ያንን የሚያቆስል የማሽን ጩኸት መታገሥ የለባችሁም፤ ባለሙያው ከበሮ በሚመስል ድምፅ ሊቀይረውና በስድስት ስምንተኛ ምት በሁለቱ ዋና ዋና ምቶች ላይ ብቻ እንዲመታ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ የኛ ተጫዋቾች ክሊክ ያስቸገራቸው ምታችን በሦስት በሦስት እየተከፈለ ሲሄድ ማሽኑ በአራት ስለሚቆጥርባቸው ነው። ማዳመጫው ከጆሮ ጋር በደንብ የሚገጥምና ዙሪያውን የተዘጋ ይሁን፤ ካልሆነ ክሊኩ በማይክሮፎን ይገባና ዘፈኑ ለስለስ ብሎ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ከመግባታችሁ በፊት ያለውን ሥራ ነው። የስቱዲዮ ሰዓት የመለማመጃ ሰዓት አይሁን። ለእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያው ስንት ዙር እንደሆነ፣ ዋሽንቱ የት እንደሚገባ፣ አዝማቹ ስንት ጊዜ እንደሚመለስና እንዴት እንደሚያልቅ በወረቀት ጻፉ፤ በልምምድ ላይ በስልካችሁ ቀርጻችሁ በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመጣ ቁጠሩ። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ለመጀመሪያው አልበማቸው 10 ዘፈኖችን የቀረጹት ሁለት ትራክ (ለየብቻ የሚቀረጽ የድምፅ መስመር) ብቻ ባለው መሣሪያ ነበር፤ ይህም የሆነላቸው ዘፈኖቹን አስቀድመው በየመድረኩ ደጋግመው ስለተጫወቱ ነው። ጉንፋን ይዞት የነበረው ዘፋኛቸው ጆን ሌነን ጉሮሮ የሚቀድደውን ዘፈን ያዜመው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ቢዘፍነው ኖሮ ለቀሪዎቹ ድምፅ አይተርፈውም ነበርና። የእናንተም እኅት ከሦስቱ የትኛው ድምፅዋን እንደሚያደክማት አስቀድማ ትንገራችሁ።

ባለ ክራሩ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ሁላችሁም የሰጣችሁንን ምክር ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ማሲንቆ ተጫዋቹ በተለይ ተጽናንቷል። ሁለት ነገር ይቀረናል። አንደኛ፣ ዘፋኟ ከእኛ ጋር እየተጫወተች ከተቀረጸች በኋላ ደግማ ትዘፍናለች ማለት ነው? ሁለተኛ፣ ሁለቱ ቀናት ሲያልቁ ይዘነው የምንወጣው ምንድን ነው?

ከመስተዋቱ ወዲህ

ልትዘፍንም ላትዘፍንም ትችላለች። ከእናንተ ጋር ስታዜም የምትቀረጸው በአንድ በኩል እናንተን ለመምራት ነው፤ ነገር ግን በመስተዋት ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ስለምትሆን ድምፅዋ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጥሩ ከሆነ እርሱኑ መያዝ ይቻላል። ትዝታው ላይ የመጀመሪያውን እንዳለ ትይዙታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለማሰናዳትና ለሙከራ፣ ከሰዓት በኋላውን ለሦስቱ ዘፈኖች መሠረት፣ ሁለተኛውን ቀን ደግሞ ለዘፋኟና ለእርማት እመድበዋለሁ።

ብቻዋን ስትዘፍን ከማይክሮፎኑ 15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ትራቅ፤ በመካከል የሚተከለው ስስ ጨርቅ «ፈ»ን እና «ፐ»ን ስትል የሚወጣውን ነፋስ ይሰብርላታል። «ጠ»፣ «ጨ» እና «ቀ» በኃይል ሲወጡ መለኪያውን በድንገት ስለሚያስወነጭፉት እነርሱ የሚበዙበትን ስንኝ አስቀድማ ለባለሙያው ታሰማው። አንድን ዘፈን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ሙሉውን ትዝፈነው፤ ከዚያ ከየቀረጻው የተሻለውን ስንኝ መርጦ ማገጣጠም የተለመደ ነው። ከዚህ በላይ ከተደጋገመ ድምፁ ይስተካከልና ስሜቱ ይደክማል። ከቅኝት ወጣ ማለት ከጀመረች መጀመሪያ ማዳመጫውን ቀንሱላት ወይም አንዱን ጆሮዋን ትግለጠው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ራሷን በደንብ አለመስማቷ ነው። የራሷ ድምፅ ዘግይቶ የሚደርሳት ከመሰላትም ሳታፍር ትናገር። ኮምፒዩተሩ 512 ናሙና (የድምፅ ልኬት) እስኪያጠራቅም የሚጠብቅ ከሆነ በ48 ኪሎኸርዝ ወደ 11 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት ይፈጠራል፤ ይህም ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ከቆመ ሰው እንደ መስማት ነው። ባለሙያው በቀላሉ ሊቀንሰው ይችላል።

ይዛችሁ ስለምትወጡት ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ቀረጻ፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም አብሮ መሆኑን ወይም መለያየቱን ጠይቁ። ሚክሲንግ የተቀረጹትን ድምፆች መጠናቸውን አመዛዝኖ፣ ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ የሚጋጩትን አስማምቶ አንድ ዘፈን ማድረግ ነው፤ በቀረጻው ቀን ማታ በደከመ ጆሮ አይሠራ። ማስተሪንግ የመጨረሻው ማስተካከያ ነው። እዚህ ላይ «ከሌሎቹ ዘፈኖች በላይ ይጩህልን» ብላችሁ አታስገድዱ፤ ስፖቲፋይ ለምሳሌ የሁሉንም ዘፈን መጠን ከዜሮ በታች ወደ 14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ስለሚያቀራርበው እንዲጮኽ ተብሎ በግድ የታፈነው ዘፈን መልሶ ዝቅ ይደረግና መታፈኑ ብቻ ይቀርበታል።

የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ለየብቻው፣ በዋቭ ፋይል፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ሰከንድ የሚጀምሩ ሆነው ውሰዱ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ማይክሮፎን በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ባለ 20 ትራክ ዘፈን 860 ሜጋባይት ግድም ይሆናል፤ ከሁሉም ሙከራዎች ጋር ሰፊ ቦታ ያለው ዲስክ፣ ቢቻል ሁለት፣ ይዛችሁ ሂዱ። ፋይሎቹ የማን እንደሆኑም ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲን፣ የከዋኝንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰርን መብት ለየብቻ ያያል፤ ስለዚህ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቀረጻው በማን ገንዘብ እንደተሠራ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምስታችሁም ፈርሙበት። ሕዝብ የሚያውቀው ነባር ዜማ ከሆነም ይኸው ይጻፍ።

ባለ ክራሩ (ጠያቂ)

ዛሬ ጠዋት ስቱዲዮውን ደወልኩለት። መሣሪያቸው ስምንት ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ በየተራ ግቡ ያሉን ሌሎች ደንበኞቻቸው የሚፈልጉት እርሱን ስለሆነ ነው። አንድ ላይ እንደምንጫወት፣ ባቲውን በክሊክ፣ ትዝታውንና አንቺሆዬውን ያለ ክሊክ እንደምንቀርጽ ተስማማን፤ ለከበሮውም መከለያ እንደሚያዘጋጁልን ነግረውናል። የድምፅ ማረሚያውን ጉዳይ ሳነሣ ባለሙያው አንቺሆዬ መሆኑን ሲሰማ ራሱ «አልነካውም» አለኝ። ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ልምምድ አለን፤ ዘፋኛችን ትዝታው ድምፅዋን እንደሚያደክማት ስለነገረችን መጨረሻ ላይ አድርገነዋል።